የእጽዋት መዝገቤ ሁለተኛ ቅጂ

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

የሃምሳ አራት ተማሪዎች ፈተና አረምኩ። ሠላሳ አንዱ ጥያቄ አራትን የተሳሳቱት በአንድ ዓይነት ስህተት ነው፤ እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ ዓይነት። ስህተት እንኳ ራሳቸው መሥራት አቅቷቸዋል! የኮሌጁ ዲን ደግሞ «ጋሽ ሶሬሳ፣ ትንሽ ለቀቅ ያድርጉት» ይለኛል። ምኑን ነው የምለቀው?

ላፕቶፑ ዛሬም ተንቋቋ። ጠጠር የገባበት ወፍጮ ይመስላል። ባትሪው ከሞተ አራት ዓመቱ፤ ገመዱ ትንሽ ከተነካ ድርግም ይላል። አስቻለች ስትጠርግ መጥረጊያው ነካው... ጮህኩባት። እሷም ጮኸችብኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብራ የኖረች ሚስት ምን ትፈራለች?

«ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ይሄን ሣጥን?»

መልሱ ለእኔም ግልጽ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ልጄ ኤልሮኢ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ከምትሠራበት ፋርማሲ ስትመለስ የላፕቶፑን ድምፅ ሰማች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ አዳመጠች፤ ሳል ያለበት ሰው የመጣባት ይመስል።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር ሊሞት ነው እኮ። የእጽዋት መዝገብህ ሌላ ቦታ ኮፒ አለው?»

«የለውም።»

«ፍላሽ ላይስ?»

«ፍላሽ የቫይረስ ቤት ነው።»

«ኢሜይል ላይስ?»

«የማላውቀው ሰው ቤት አላስቀምጥም።»

«ደብተሮቹስ አሉ አይደል?»

እናቷ ከኩሽና ሆና፣ «ደብተሮቹንማ አባትሽ ኅዳር ሲታጠን አብሮ አጠናቸው» አለች።

እውነቷን ነው። ካቻምና ኅዳር 12 ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ደጅ ደጁ ላይ ሲያቃጥል፣ እኔም አሥራ ዘጠኝ የመስክ ደብተሮች አውጥቼ አቃጠልኩ። ግማሹን አይጥ በልቶታል፣ ግማሹ ሻግቷል። ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ ሁለት ጊዜ አመሳክሬያለሁ፤ የሻገተ ወረቀት ምን ይሠራልኛል? ብዬ። በሥርዓት ነው ያቃጠልኩት። በቁጥራቸው ቅደም ተከተል።

ሞኝ።

አስቻለች ሳህን እያጠበች፣ «አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም» አለች። ለማንም አላለችም። ለእኔ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ከክፍል በፊት ከፍቼ አየሁት። ቀስ ብዬ፣ እንደ እንቁላል።

አራት መቶ አሥራ ሁለት እጽዋት። ሃያ ሁለት ዓመት። ከሽሮ ሜዳ በላይ እስከ እንጦጦ ማርያም፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞሮ እስከ እጽዋት ማዕከሉ አጥር... በእግሬ። ለእያንዳንዱ የአማርኛ ስም፣ የኦሮምኛ ስም፣ ሳይንሳዊ ስም፣ የት እንደሚገኝ፣ ለምን እንደሚሆን፣ ማን እንደነገረኝ።

ከነገሩኝ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም። ኦቦ ዱጉማ ብቻቸውን መቶ አርባ ሦስቱን ነግረውኛል። የደን ጥበቃ ነበሩ። በዱላቸው ይጠቁማሉ፤ ቅጠሉን ግን በዱላ አይነኩም። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። «ጻፍ» ይሉኛል። «ነገ እረሳዋለሁ፣ ዛሬ ጻፍ።» ከሞቱ አምስት ዓመታቸው። ድምፃቸውን አልቀዳሁም። ያለኝ ቃላቸው ብቻ ነው፤ እሱም እዚህ ጠጠር የሚፈጭ ሣጥን ውስጥ ነው።

ልጃቸው ቦንቱ ሁለት ጊዜ መጥታለች። «የአባቴን ቃል ይስጡኝ» ብላ። አላለቀም አልኳት። ገና ይጣራል አልኳት። ውሸት አልነበረም። ቁጥር 88 እስከ ዛሬ ያጠራጥረኛል።

ሐርድ ዲስክ እገዛለሁ። በቃ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ጳውሎስ ፊት ለፊት፣ ሁለት ካፌ መሃል የተጣበቀች የኮምፒውተር ሱቅ። ባለቤቱ ሙዘይን ይባላል። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ትንሽ ካቻቢቴ በጥርሱ ነክሶ ያወራል።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ይሻልዎታል፤ ፈጣን ነው።»

«ፈጣን አልፈልግም። የማይዋሽ ነው የምፈልገው።»

«የማይዋሽ ዕቃ የለኝም። የአንድ ዓመት ዋስትና ያለው ግን አለ።»

ሳልወድ ሳቅሁ። ወዲያው ራሴን ሰበሰብኩ።

«ላፕቶፕዎ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ አራት።»

«ኧረ ጋሼ፣ ጡረታ ያውጡት! ያምጡልኝ፣ በአሥር ደቂቃ ልገልብጥልዎት።»

«እጅህ አይነካውም።»

«እሺ» አለ፣ ካቻቢቴውን ከአፉ ሳያወጣ። «እጄም ሥራ አለው።»

እሑድ፣ ኅዳር 1

አስቻለች ቸርች ናት። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሐርድ ዲስኩን ሰካሁ። ሁሉንም መረጥኩ... ኮፒ። አረንጓዴዋ መስመር መሄድ ጀመረች። አሥር ፐርሰንት። ሃያ። ወንበር ስቤ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ለምን? ካላየኋት የማትሄድ ይመስል።

ስድሳ አንድ ላይ መብራት ሄደ።

ጎረቤት ያሉት ልጆች በአንድ ድምፅ «ሄደች!» ብለው ጮኹ። ደስ ያላቸው ይመስላሉ። ዱካውን በእርግጫ አልኩት። እግሬ አበጠ፤ ዱካው ደህና ነው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መብራት መጣ። ቁልፉን ነካሁ... ተነሣ! ሁሉም አለ። አስቻለች ስትመለስ ፊቴን አይታ፣ «ጸለይክ እንዴ?» አለች።

«አልጸለይኩም። ተቆጣሁ።»

«እሱም ይሰማል» ብላ ነጠላዋን አጠፈች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አለቀ። መቶ ፐርሰንት።

እኔ ደግሞ «አለቀ» ሲሉኝ የማምን ሰው አይደለሁም። ሐርድ ዲስኩን ነቀልኩ። መልሼ ሰካሁ። ከሐርድ ዲስኩ ላይ ከፈትኩ። ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 412፣ ገጽ በገጽ፣ አንድም ሳልዘል። ትናንትና ዛሬ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። የጎደለ የለም። ተማሪዎቼ ማረጋገጥ ማለት ምን እንደሆነ ቢያዩ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ላፕቶፑ ሞተ። ጠዋት አንዴ ጮኸ፣ ከዚያ ጸጥ። ይሙት። ሁለተኛ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ሳልወድ ልጻፈው።

ኤልሮኢ አዲሱን ላፕቶፗን አመጣችልኝ። ሐርድ ዲስኩን ሰካን። ፋይሉ አለ። ስሙ አለ። መጠኑም ልክ ነው። ከፈትነው።

አማርኛው የለም። አንድም ፊደል የለም! በእሱ ቦታ የፈረንጅ ፊደል፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የገንዘብ ምልክት፣ ባዶ ሣጥን... እህል ወለል ላይ የተደፋ ይመስላል። ሳይንሳዊ ስሞቹ ደህና ናቸው። የኦሮምኛ ስሞቹም በቁቤ፣ በላቲን ፊደል፣ ስለተጻፉ ደህና ናቸው። ስም ብቻ ቀረ። የት እንደሚገኝ፣ ለምን እንደሚሆን፣ ማን ምን እንዳለ... አራት መቶ አሥራ ሁለት ስም፣ ከሥሩ ዝባዝንኬ።

«አባዬ፣ ቆይ፣ ተረጋጋ...»

«አንቺ ነሽ የነካሽው!»

አልነካችም። እያየኋት ነበር። ላፕቶፗን እዚያው ትታ ወደ ክፍሏ ገባች።

እሑድ፣ ኅዳር 8

ልጄን ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ምሳም አልበላሁም። የሚጻፍ የለኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ሙዘይን ሱቅ ገብቼ ጮህኩ። ደንበኞች ነበሩ። «ውሸታም ዕቃ ሸጥክልኝ!» አልኩ። ሌላም ያልኩት አለ፤ አልጽፈውም።

ቢመልስልኝ ይቀለኝ ነበር። ወንበር አቀረበልኝ። ሰክቶ አየው፤ ረጅም ጊዜ።

«ጋሼ፣ ፋይልዎ አልተበላሸም። አንዲት ነገር አልጎደለችም።»

«ይሄን አማርኛ ትለዋለህ?»

«በድሮ ፊደል የተጻፈ ነው። ድሮ ለአማርኛ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይጫን ነበር አይደል? ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የፈረንጁን ቁልፍ ነው፤ ያ ፕሮግራም ነው አማርኛ አድርጎ የሚያሳይዎት። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ነበር። እርስዎ የገለበጡት ጽሑፉን ነው፤ ፊደሉ እዚያው ቀረ።»

«አረጋግጬ ነበር እኮ። ገጽ በገጽ።»

«በየትኛው ኮምፒውተር?»

...

በዚያው። በዚያው በአሮጌው! ሁለት ቀን ሙሉ ሟቹን ነበር ስለ ኑዛዜው የምጠይቀው። ተማሪ ቢሆን ኖሮ ዜሮ እሰጠው ነበር።

የሞተውን ላፕቶፕ አምጥቼለት ፈታው። ጠጠር ሲፈጭ የነበረው ለካ ዲስኩ ራሱ ነው። ተፍቋል፤ ከእሱ የሚወጣ የለም። ከኢንተርኔት አንድ የሚመስል ፊደል አግኝቶ ሞከረ። ግማሹ አማርኛ ሆነ፤ ግን የተሳሳተ አማርኛ። «ሥሩ ይጠጣል» ይሁን «ሥሩ አይጠጣም» አይለይም። የሰው ሆድ የሚገባ ነገር ነው! «ይሄን ሙከራህን አጥፋው» አልኩት። አጠፋው።

«መጀመሪያ ማን ነው የጻፈልዎት? ያ ሰው ፕሮግራሙ ይኖረው ይሆናል።»

አውቃለሁ ማን እንደጻፈው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሰምሀል።

አሥራ አምስት ዓመት አብረን ሠራን። ኮሌጃችን ጸሐፊ ሆና ነው የመጣችው፤ በኋላ ግን ተራራው ላይ ከእኔ በፊት ነበር የምትወጣው። እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ታነባለች፣ ታስተካክላለች፣ ትተይባለች። ፊደሉንም የጫነችው እሷ ናት።

ከሰባት ዓመት በፊት መዝገቡን ሦስት ኮፒ አትማ ለስብሰባ ተሳታፊዎች ሰጠች። ሳትነግረኝ። «ሰው ይየው ብዬ ነው» አለች። አራት ስህተት ነበረበት። አዳራሽ ውስጥ ተነሥቼ አራቱንም ስህተት በቁጥር ጠርቼ ነገርኳት፤ አርባ ሰው ፊት። ሦስቱን ኮፒ ሰብስቤ ቀደድኩ። «አንቺም ጋ ያለውን ደምስሺ፤ ከእንግዲህ እጅሽ ፋይሌን አይነካም» አልኩ። ስሟንም ከፊተኛው ገጽ አወጣሁ።

በወሩ ሥራ ለቀቀች። አዲሱ ገበያ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ እንደከፈተች ሰምቻለሁ። በዚያ በኩል አልሄድም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ጉለሌ ጭስ ለብሷል። በየደጁ እሳት። መስኮት ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ቢሆንም ይገባል። ዘንድሮ የምናቃጥለው የለንም፤ አስቻለች ቅጠል ብቻ ጠርጋ አወጣች።

«ሽማግሌ ልላክላት» አልኳት።

«ለማን?»

«ለሰምሀል። ሦስት ሰው። አንዱ ከቸርች ቢሆን...»

መጥረጊያዋን ይዛ ሳቀች። «ሚስት ልታገባ ነው? ሽማግሌ ልኮ ፊደል የሚጠይቅ ሰው ከአንተ በፊት አልነበረም!»

«ታዲያ እንዴት ልሂድ?»

«በእግርህ።»

ከሰዓት በኋላ ኤልሮኢን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ለልምምድ ነው?» አለች። አይደለም አልኳት። ትንሽ ግን ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሄድኩ።

አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ መያዣው ከፍ ብሎ። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ጥረዛ። በደጇ ሦስት ጊዜ አለፍኩ። በአራተኛው ገብቼ ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ የሚያስደርጉ እናት፣ ከኋላዬ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰውዬ። ተራዬ ደረሰ። ቀና አለች። ፀጉሯ ፊት ለፊት ሸብቷል።

«ምን ልታዘዝ?»

«ሰምሀል... ሶሬሳ ነኝ።»

«አውቄዎታለሁ። ምን ልታዘዝ?»

«እርስዎ» አለችኝ። አሥራ አምስት ዓመት «አንተ» ስትለኝ የኖረች ሴት።

«ላፕቶፑ ሞተ። ፋይሉ አለ፤ የድሮው ፊደል ግን ጠፋብኝ።»

«ከደብተሮቹ ያስጽፉታ።»

«አቃጠልኳቸው።»

ጣቶቿ ቆሙ። «ሦስቱ ኮፒዎችስ?»

«ቀድጃቸዋለሁ።»

«እኔ ጋ የነበረውን ደግሞ ደምስሺ አልክ... አሉኝ። ደመሰስኩ። እንዳዘዙት።»

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ፣ «ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ፣ ቢሮ ይዘጋብኛል» አለ። ዘወር አልኩ... አልጮህኩም። ይመዝገብ።

«ሰምሀል፣ የጮህኩብሽ ሰው ፊት ነው። አርባ ነበሩ። ዛሬ ሁለት ብቻ ናቸው፤ በእነሱ ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ስምሽን ማውጣቴም ስርቆት ነው። ሌላ ስም የለውም።»

የፎቶ ኮፒው ማሽን ብቻ ይንጫጫል።

«ይቅር ለእግዚአብሔር በይው፣ ልጄ» አሉ እናትየው። ኮፒያቸውን ይዘው አልወጡም ነበር። «ሽበታም ሰውዬ ነው፤ አታስቁሚው።»

«በይው እንጂ እህቴ» አለ ሰውዬው፣ «ማመልከቻዬ እኮ...»

«የምን ማመልከቻ ነው እንዲህ የሚያቻኩልህ?» አሉት።

«የፍቺ።»

«አንተ ደግሞ ታስታርቃለህ!»

ሰምሀል አፏን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው።

«ሽማግሌ ይዘው ነው እንዴ የመጡት?»

«እዚሁ ነው ያገኘኋቸው።»

«ሰኞ ጠዋት ይምጡ» አለች። «ከጓዳ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ሁለት ዓመት ነክቼው አላውቅም። ይነሣ እንደሆነ... ቃል አልገባም።»

ሰኞ፣ ኅዳር 16

በሻሽ ተሸፍኖ ወረቀት ካርቶን ሥር። አቧራውን ሁለታችን አራገፍን። የመጀመሪያው ጊዜ ምንም። ሁለተኛው ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ጠፋ። ሰምሀል ከጎኑ በመዳፏ አንዴ መታችው። «እንዲህ ነው የሚወደው» አለች። ሦስተኛው ጊዜ ተነሣ።

ሐርድ ዲስኩን ግን አላወቀውም። ዕቃው አዲስ፣ እሱ አሮጌ። ሰምሀል በሌላኛው ኮምፒውተር ፋይሉን ወደ ሲዲ ገለበጠች፤ ሲዲውን ለአሮጌው ሰጠችው። ድሮም ዘዴ አያልቅባትም።

ተከፈተ።

አማርኛ።

«ቁጥር 1። ኮሶ። ከማርያም በታች፣ ከምንጩ በስተቀኝ። ኦቦ ዱጉማ እንዲህ አሉ፦ ይቺን የሚቆርጥ ሰው መጀመሪያ ስሟን ይጥራ፤ ሰውን በስሙ ሳትጠራ ቤቱ አትገባም አይደል?»

ሰምሀል ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ መነጽሬን አውልቄ ነበር።

ከዚያ ወደ ፊተኛው ገጽ ወጣች። የኔ ስም ብቻ። እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች።

«ስምሽን ጻፊው» አልኳት።

«የራሴን ስም አልጽፍም።»

ወንበር ተቀያየርን። የኪቦርዱ ፊደል ሁሉ ተፍቆ አልቋል። እሷ በጣቷ ታውቀዋለች፤ እኔ ካላየሁ አልጽፍም። አንድ ፊደል ፈልጌ ሌላ ይመጣል፤ አጠፋለሁ። ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ «ይጠብቁ፣ ሰው እየጻፈ ነው» አለች። አልረዳችኝም። አንድም ቁልፍ አላሳየችኝም። በመጨረሻ ስሟ ከነአባቷ ወጣ፤ ከስሜ ሥር።

«ሥር አይደለም» አለች።

«የት ይሁን?»

«ጎን።»

ጎን አደረግኩት።

«አሁን ወደ አዲሱ ፊደል እንለውጠዋለን፤ በየትም ኮምፒውተር በየትም ስልክ የሚነበብ ይሆናል። ግን አንድ ነገር። ሲያልቅ ሦስት ቦታ ካልተቀመጠ አልነካውም። አንዱ እኔ ጋ። አንዱ ለቦንቱ። አንዱ የፈለግከው ቦታ።»

«ገና አልተጣራም እኮ፣ ሰምሀል። 88 ብቻውን...»

«ጋሽ ሶሬሳ፣ ሰባት ዓመት ብቻህን አጣራኸው። ምን ቀረ? አመድ!»

«እሺ፣ ሦስት ቦታ» አልኳት። «አንተ» እንዳለችኝ ያስተዋልኩት ታክሲ ውስጥ ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ወደ አዲሱ ፊደል ሲገለበጥ ጥቂት ፊደሎች ባዶ ሣጥን ይሆናሉ። ስለዚህ ከአሮጌው ስክሪን እኔ አነባለሁ፣ በአዲሱ ላይ እሷ ታስተካክላለች። ማክሰኞና ዓርብ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ። ዛሬ 88 ላይ ደረስን። ተጨቃጨቅን። ከማዕከሉ በላይ ያለው ቁጥቋጦ አምጃ ነው ወይስ ዘመዱ? «ቅጠሉን አሽተህ ነበር?» አለች። አላሸሁም ነበር። «እኔ አሽቻለሁ፤ በዚያው ዓመት ነግሬሃለሁ፤ አልሰማህም።»

ልክ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሲያጠራጥረኝ የኖረ ነገር በአንድ ደቂቃ ተፈታ። መሸማቀቅ ይገባኝ ነበር። እየሳቅሁ ነው የወጣሁት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ሙዘይን ጋ ሄድኩ። ሁለት ሌላ ሐርድ ዲስክ አልኩት። «የሚዋሸውን ነው የማይዋሸውን?» አለኝ። ይገባኛል። ይቅርታዬን ቆሜ ነገርኩት። «ጋሼ፣ እዚህ ሱቅ ከኮምፒውተር ይልቅ ሰው ነው የሚበላሸው፤ ለምደነዋል» አለ።

ሲያልቅ ሦስተኛው ቅጂ እሱ ጋ ይቀመጣል። ራሴ ጠየቅሁት። እስከ ዛሬ የደረስንበትን ይዤለት ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈ። እኔ ጋ ያለውን ሲቆጥሩ አራት ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ትናንት ጨረስን። 412።

ዛሬ ወደ ቦንቱ ወጣሁ፤ ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ችግኝ የምታፈላበት ቦታ። የአባቷን መቶ አርባ ሦስት አሳትሜ አስጠርዤ ያዝኩላት፤ ሙሉውን ደግሞ በሐርድ ዲስክና በስልኳ። እጇ ጭቃ ነበር። ታጥባ፣ በቀሚሷ አድርቃ ተቀበለችኝ። ቆማ አነበበች። አንድ ቦታ ስትደርስ በኦሮምኛ ለራሷ አንድ ነገር አለች፤ አልጠየቅኋትም።

«አላለቀም ብለውኝ ነበር» አለች።

«አላለቀም» አልኳት። «ግን ያዢው።»

ስወርድ መንገዱ አጭር ሆነብኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። ቤት ሰው ሞልቷል። ዝማሬው በጣም ይጮሃል። ተውኩት።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ቦንቱ ጠዋት ደወለች።

«ጋሽ ሶሬሳ፣ 205 ላይ ተሳስተዋል። አባቴ ያሉት ለከብት ነው፤ ለሰው አይደለም።»

ደሜ ፈላ። የለመደው ነው፤ ይፈላል። «እርግጠኛ ነሽ?» አልኩ፣ ለተማሪ በምለው ድምፅ።

«ጊደራችን ላይ ሲሞክሩት ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

ተቀመጥኩ። አረምኩ። ከጎኑም «ያረመችው፣ ቦንቱ ዱጉማ» ብዬ ጻፍኩ። እንደ ድሮዬ ፋይሉን ቆልፌ ባስቀምጠው ኖሮ ይህን ማን ይነግረኝ ነበር?

«ሌላም አለ» አለች። «መዝገቡ ውስጥ የሌለ። እዚህ ከችግኝ ጣቢያው ጀርባ ነው፤ ይምጡና ይዩት።»

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ሦስታችን ወጣን። ሰምሀል ሱቋን ዘግታ መጣች፤ አሁንም ከእኔ በፊት ነው የምትወጣው። አቀበቱ ላይ ቆማ «ስጠብቅህ ስጠብቅህ ደከመኝ» አለችኝ።

ትንሽ ናት። ከድንጋይ ሥር፣ አበባዋ ሐምራዊ፣ ግንዷ ጠጉራም። ሃያ ሁለት ዓመት በአጠገቧ ሳልፍ አላየኋትም። ቦንቱ የኦሮምኛ ስሟን ነገረችን፤ እናቷ ነበረች የምትጠራት እንጂ አባቷ አያውቋትም ነበር። ሰምሀል እዚያው ስልኳ ላይ ጻፈች። እኔ ቅጠሏን አሸሁ፤ አሸተትኩ። ሎሚ ሎሚ ትላለች።

ቤት ገብቼ በኤልሮኢ ላፕቶፕ ላይ ቁጥር 413ን ከፈትኩ። ሳይንሳዊ ስሟን አላወቅሁም። ሁለት መጽሐፍ አገላበጥኩ፤ የለም። የአማርኛ ስሟንም የሚያውቅ አላገኘሁም። ሁለቱን ቦታ ባዶ ተውኳቸው። እንደዚያው በኢሜይል ለሰምሀል፣ ለቦንቱ፣ ለሙዘይን ላክሁ።

ኤልሮኢ በትከሻዬ በኩል እያየች ነበር።

«አባዬ፣ ሁለት ቦታ ክፍት ነው እኮ። እንዲህ ሆኖ ትልከዋለህ?»

«ልኬዋለሁ» አልኳት። «የሚያውቅ ሰው ይሙላው።»